የግዕዝ ቁጥር ያለው የእጅ ሰዓት በቤት ውስጥ ለመሥራት፦ ስለ ፊቱ፣ ስለ ቆጣሪዎቹና ስለ ቀኑ አቀያየር

ጦሳ ግርጌ (ደሴ)፦

ጤና ይስጥልኝ። የደሴ ነዋሪና መምህር ነኝ። ከክፍል ውጭ ባለኝ ጊዜ ርካሽ የእጅ ሰዓቶችን እየፈታሁ በራሴ መልክ መልሼ መግጠም ከጀመርኩ ዓመት ሊሞላኝ ነው። አሁን የምጠይቃችሁ ለአያቴ ልሠራላቸው ስለ ወሰንኩት አንድ ሰዓት ነው።

አያቴ በልጅነታቸው የቄስ ትምህርት ቤት የተማሩ በመሆናቸው የግዕዝን ቁጥር ከማንኛውም ቁጥር አስቀድመው ያነባሉ። አሁን ዓይናቸው ስለ ደከመ፣ ገበያ ላይ በብዛት የሚገኘው በቁጥር ፋንታ ቀጫጭን መስመር ብቻ የተሰመረበት ሰዓት ምንም አይታያቸውም። ስለዚህ ነጭ ፊት ላይ ከ፩ እስከ ፲፪ በጥቁር፣ ደመቅ ብሎ የተጻፈበት ሰዓት ልሠራላቸው አሰብኩ። ለዚህም በፒያሳ ሁለት ሰዓት ገዛሁ፤ አንደኛው ቀን የማያሳይ ተራ የባትሪ ሰዓት ሲሆን መለማመጃ ነው፣ ሁለተኛው በ3 ቁጥር በኩል የቀን መስኮት ያለውና የአያቴ የሚሆነው ነው።

በመለማመጃው ላይ የደረሰብኝን ልንገራችሁ። ፊቱን በኮምፒውተር ነድፌ በሌዘር ማተሚያ አሳተምኩና ቀለሙ እንዳይለቅ በማሰብ ቀለም የሌለውን የጥፍር ቀለም ቀባሁበት። ቁጥሮቹ ዓይኔ እያየ ሟሙተው እንደ ጥላሸት ተለቀለቁ። ሁለተኛውን ሳልቀባ በነባሩ ፊት ላይ ለጥፌ ቆጣሪዎቹን መለስኩ። ሰዓቱ ሠራ፤ ሆኖም በማግሥቱ 2 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ላይ ቆሞ አገኘሁት። ነካ አድርጌ አስነሣሁት፤ በሌላ ቀን ደግሞ 7 ሰዓት ከ38 ላይ ቆመ። ባትሪው አዲስ ነው። ለማየት እንደገና ስከፍተው ካቻቢቴው ከእጄ አምልጦ ከማሽኑ ጎን ያለውን የመዳብ ሽቦ ጥቅል ነካው፤ ከዚያ በኋላ ሰዓቱ ከነጭራሹ ዝም አለ።

የአያቴን ሰዓት ከመንካቴ በፊት ሦስት ነገር እንድትነግሩኝ እለምናችኋለሁ። ፊቱን ቁጥሩ ጥርት ብሎ፣ ሳይሟሟ እንዴት ላሳትመው? ሰዓቱ በእነዚያ ሁለት ሰዓቶች ላይ የቆመው ለምንድን ነው? ሦስተኛውና ከሁሉም ይበልጥ የሚያሳስበኝ ደግሞ የቀኑ ጉዳይ ነው። አያቴ ሰዓታቸውን የሚሞሉት እንደ አገራችን አቆጣጠር ስለሆነ የቀኑ ቁጥር በየትኛው ሰዓት እንደሚቀየር አላውቅም። አሁን ያላቸው አሮጌ ሰዓት ቀኑን የሚቀይረው ከቀትር በፊት ነው፤ «ይህ ሰዓት ቀኑን አያውቅም» ብለው መስኮቷን ማየት ትተዋል።


ቀስ በቀስ (ደሴ)፦

ልጄ፣ ሰዓት ስሠራ ብዙ ዘመን ስላሳለፍኩ በሁለተኛው ጥያቄህ ልጀምር። የጻፍካቸውን ሁለት ሰዓቶች ሳነብ ምክንያቱን አገኘሁት፤ መልሱ በራሳቸው በሰዓቶቹ ውስጥ ነውና። የሰዓትና የደቂቃ ቆጣሪዎች በ12 ሰዓት ውስጥ 11 ጊዜ ይደራረባሉ፤ ማለትም በየ65 ደቂቃ ተኩል ገደማ አንዱ ከሌላው በላይ ያልፋል። ከ2 ሰዓት በኋላ የሚደራረቡት 2 ከ11 ሊሆን ጥቂት ሴኮንዶች ሲቀሩት ነው፤ ከ7 በኋላ ደግሞ 7 ከ38 ላይ ነው። ስለዚህ ሰዓትህ የቆመው የደቂቃው ቆጣሪ በሰዓቱ ቆጣሪ ላይ ሲያልፍ እየነካው ነው። በሌሎቹ መደራረቢያዎች እየታገለ አልፎ ይሆናል፤ በእነዚህ ሁለቱ አቅም አነሰው። የባትሪ ሰዓት ማሽን ጉልበቱ እጅግ ትንሽ ነው፤ የፀጉር ያህል መነካካት ያቆመዋል።

መነሻው ወረቀቱን በነባሩ ፊት ላይ መለጠፍህ ይመስለኛል። ቆጣሪዎቹ የሚሰኩበት ዘንግ ከፊቱ በላይ የሚወጣው በጣም ትንሽ ነው። ወረቀትና ማጣበቂያ ሲጨመርበት ፊቱ ከፍ ይላል፤ የሰዓት ቆጣሪው ወረቀቱን እንዳይፍቅ ብለህ ከፍ አድርገህ ሰክተኸዋል፤ ያን ጊዜ በእርሱና በደቂቃው ቆጣሪ መካከል የነበረው ክፍተት ጠፋ። መፍትሔው ነባሩን ፊት ማውጣት፣ የፊቱን ቀለም በጣም ደቃቅ በሆነ የብርጭቆ ወረቀት እስከ ብረቱ መፋቅና ቀጭኑን ወረቀት በዚያ ላይ መለጠፍ ነው። ከጀርባው ያሉትን ሁለት ትናንሽ እግሮች እንዳትሰብራቸው ተጠንቀቅ፤ ፊቱን በማሽኑ ላይ ቀጥ አድርገው የሚይዙት እነርሱ ናቸው።

ቆጣሪ ስትነቅል ፊቱን በስስ ፌስታል ሸፍነህ በመካከሉ ቀዳዳ አብጅና ሁለት ጠፍጣፋ መንቀያ በግራና በቀኝ አስገብተህ እኩል አንሣ። በአንድ በኩል ብቻ ካነሣህ ዘንጉ ይጣመማል። ስትመልስ ቅደም ተከተሉ የሰዓቱ፣ የደቂቃው፣ በመጨረሻም የሴኮንዱ ነው። መጫኛ ከሌለህ ባዶ የስክሪፕቶ ቀፎ አፉን አስተካክለህ ቆርጠህ ተጠቀምበት፤ ቀዳዳው ዘንጉን ስለሚያሳልፈው ቆጣሪውን ብቻ ይጫናል። የሴኮንዱ ግን ሌላ ነገር ነው። በርካሽ ሰዓቶች ውስጥ በብዛት የሚገኘው የሚዮታ 2035 ማሽን የሚቀበለው የሴኮንድ ቆጣሪ ቀዳዳ 0.17 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ይህን በጉልበት የሚያስገባ ሰው የለም፤ ቀዳዳውን ከዘንጉ አናት ላይ አስቀምጠህ በወረንጦ በሁለቱ ጎን ቀስ እያልክ ነካ ነካ ታደርገዋለህ፣ በትክክል ከገጠመ ራሱ ወደ ታች ሲወርድ ይሰማሃል። ካልገባ ተወው፣ ትንፋሽ ውሰድና እንደገና ጀምር።

ሁሉንም ከመለስክ በኋላ ሰዓቱን በቁም ያዝና ከጎን በኩል በብርሃን ተመልከተው፤ በሦስቱ ቆጣሪዎች መካከል ብርሃን ሊታይህ ይገባል። ከዚያ መሙያውን ስበህ ሙሉውን 12 ሰዓት በእጅህ አዙር፣ በእያንዳንዱ መደራረቢያ ላይም ቆም ብለህ እይ። ይህን ሳታደርግ ክዳኑን አትዝጋ።

የነካኸው የመዳብ ጥቅል ከፀጉር በቀጠነ ሽቦ የተጠመጠመ ነው፤ አንዷ ክር ከተበጠሰች ማሽኑ አይድንም። ስለዚህ ማሽኑን ለውጠው እንጂ አትድከምበት። ባትሪ ስታወጣና ስታስገባም በብረት ወረንጦ ሁለቱን ፊት አንድ ላይ አትያዘው፤ ኃይሉ ይፈስሳል። በፕላስቲክ ያዘው።


ከሾላው ሥር (ኮምቦልቻ)፦

እኔ እንኳ አጭር ሐሳብ ነው ያለኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሞክር ሰው ከቆጣሪ ይልቅ አኃዝ የሚያሳየውን የካሲዮ ኤፍ-91ደብልዩን እመክራለሁ። ከ1989 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራ፣ ባትሪው ሲአር2016 የሆነ፣ ጀርባው በአራት ትናንሽ ብሎን የሚከፈት ሰዓት ነው። ከማሳያው ላይ የተለጠፈውን ስስ የብርሃን ማጣሪያ ልጦ አዲስ ማጣሪያ በ90 ዲግሪ አዙሮ ሲለጥፉት ጥቁሩ አኃዝ ነጭ፣ መደቡም ጥቁር ይሆናል። እኔ የጀመርኩት በዚህ ነበር። ለአያትህ ግን ይህ እንደማይሆን ይገባኛል፤ የግዕዙን ቁጥር አይሰጥምና። ስለ ቀኑ ጉዳይ የምለው አለኝ፤ ሌሎች ስለ ኅትመቱ ከተናገሩ በኋላ እመለሳለሁ።


ቦርከና ማዶ (ኮምቦልቻ)፦

ሰላም ወንድሜ። በኮምቦልቻ የወሎ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ሜካኒካል ምሕንድስና የተማርኩ ስሆን፣ ለራሴና ለጓደኞቼ ሰባት ያህል ፊቶችን ሠርቻለሁ። ስለ ኅትመቱ የማውቀውን ልጻፍልህ።

የጥፍር ቀለሙ ያበላሸብህ በምክንያት ነው። የሌዘር ማተሚያ ቀለም በሙቀት ቀልጦ ወረቀቱ ላይ የተጣበቀ የፕላስቲክ ብናኝ ነው፤ የጥፍር ቀለም ውስጥ ያለው ማሟሚያ ደግሞ ያንን ፕላስቲክ ያሟሟዋል። ባትቀባው ይሻላል፤ ከመስታወት በታች ስለሚሆን የሚነካው ነገር የለም። መቀባት አለብኝ ካልክ አክሪሊክ የሆነውን ግልጽ የሚረጭ ቫርኒሽ ከሩቅ፣ በጣም ስስ አድርገህ፣ አንዱ ሲደርቅ ሌላውን እየደገምክ እርጨው፤ አንድ ጊዜ አብዝቶ መርጨት ወረቀቱን ያሳብጠዋል፣ ያበጠ ወረቀት ደግሞ ከላይ አባታችን እንደ ነገሩህ ቆጣሪውን ይይዘዋል።

ከኅትመት ቤት የሚመጣው ስሕተት ብዙውን ጊዜ የልክ ስሕተት ነው። ማተሚያው ገጹን ከወረቀቱ ጋር ለማስማማት ሲል ሳይነግርህ በጥቂት በመቶ ያሳንሰዋል፤ 29 ሚሊ ሜትር ብለህ የነደፍከው ፊት 28 ሆኖ ይወጣና በዙሪያው ነጭ ክፍተት ይታያል። እኔ ከፊቱ ሥዕል አጠገብ ሁልጊዜ ልክ 100 ሚሊ ሜትር የሆነ መስመር እሥላለሁ። ሲታተም በማስመሪያ እለካዋለሁ፤ 97 ከሆነ ኅትመቱ ተሳስቷል፣ ባለ ኅትመት ቤቱን «ሳታሳንስ በራሱ ልክ አትምልኝ» እለዋለሁ። በአንድ ወረቀት ላይ ደርዘን ያህል ፊት ማሳተም ይቻላል፤ ሲቆረጥ ስለሚበላሽ ትርፉ አይጠላም።

አሁን ወደምወደው ነገር ልምጣ፣ ወደ ቁጥሮቹ። የግዕዝ ቁጥር በትንሽ ቦታ ላይ ሲጻፍ የራሱ ጠባይ አለው። እያንዳንዱ ቁጥር ከላይና ከታች ሰረዝ አለው፤ ሰረዙ ከአካሉ ጋር በጣም ሲቀራረብ በድካም ዓይን ሁሉም አንድ ዓይነት ጥቁር ነጠብጣብ ይመስላል። በተለይ ፮ እና ፯ ይምታታሉ። ስለዚህ በኮምፒውተሩ ውስጥ ያለውን የፊደል ቅርጽ እንዳለ አትውሰድ፤ ቁጥሩን አሳድገህ ሰረዞቹን አቅጥናቸው፣ ከአካሉም ትንሽ አርቃቸው፣ አካሉን ደግሞ አወፍረው። በ600 ነጥብ በኢንች በሚያትም ማሽን አንዷ ነጥብ 0.04 ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሆነች 0.2 ሚሊ ሜትር የሆነ ሰረዝ አምስት ነጥብ ያህል ያገኛል፤ ከዚያ በታች ከሆነ ይቆራረጣል። ፲፩ እና ፲፪ ሁለት ሁለት ምልክት ስለሆኑ ከሌሎቹ ሰፊ ቦታ ይይዛሉ። እነርሱን አጥብቤ ብጽፋቸው ከጎረቤቶቻቸው የቀጠኑ መሰሉብኝ፤ ስለዚህ አሁን የምሠራው ከ፩ እስከ ፲ ያሉትን በ፲፪ ልክ መጠን በማሳነስ ነው። ሌላ ዘዴ የሚመርጥ ቢኖር አልከራከርም፤ ለአያት ዓይን ግን ሁሉም ቁጥር በእኩል ውፍረት መታየቱ ይሻላል እላለሁ።

የመካከሉን ቀዳዳ በመርፌ አትብሳው። መርፌ ወረቀቱን ወደ ጀርባው ገፍቶ ጠርዝ ያወጣበታል። ጫማ ሰፊዎች ቆዳ የሚበሱበት ክብ መብሻ 2 ሚሊ ሜትሩ ልክ ይሆናል። ወረቀቱን ከጠንካራ ፕላስቲክ ላይ አስቀምጠህ አንድ ጊዜ በመዶሻ ምታው። የቀን መስኮቷን ግን በአዲስ ምላጭና በማስመሪያ፣ ከመሃል ወደ ጥግ እየቆረጥክ አውጣት።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ከራሴ የደረሰ ነው። ባለፈው ክረምት ከሰዓት በኋላ፣ ዝናብ ካባራ በኋላ፣ ኮምቦልቻ ላይ አንድ ሰዓት ዘጋሁና ለጓደኛዬ ለመስጠት በሚኒባስ ወደ ደሴ ወጣሁ። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆንም ከፍታው ወደ 600 ሜትር ይጨምራል፤ ጉሙን አልፈን ደሴ ስንደርስ ከመስታወቱ ውስጥ በኩል ጤዛ ተንጠባጥቦ ቁጥሮቹ አይታዩም ነበር። ሞቃትና እርጥብ አየር አብሬ ዘግቼበት ነበርና ቅዝቃዜ ሲያገኘው ውሃ ሆነ። አሁን ከመዝጋቴ በፊት ማሽኑንና ቀፎውን ከአዲስ ጫማ ካርቶን ውስጥ ከሚገኘው የእርጥበት መምጠጫ ከረጢት ጋር በተከደነ ብርጭቆ ውስጥ አሳድራቸዋለሁ። አንተ ደሴ ላይ ስለምትሠራ ችግሩ ያንስብሃል፤ ሆኖም በዝናብ ቀን አትዝጋ።


ጦሳ ግርጌ (ደሴ)፦

አባታችን፣ እጅግ አመሰግናለሁ። ሰዓቱ የቆመባቸው ሁለት ቁጥሮች ምክንያቱን ይናገራሉ ብዬ በፍጹም አላሰብኩም ነበር። እኅቴ፣ ያንቺም ምክር በደንብ ገብቶኛል፤ ፮ን እና ፯ን እንደገና ልነድፋቸው ነው።

ስለ ቀኑ ከአንድ ጓደኛዬ ጋር ስወያይ ያቀረበልኝ ሐሳብ ፊቱን ማዞር ነው። ይኸውም ማሽኑን እንደ ውጭ አገር አቆጣጠር ትቶ ቁጥሮቹን ብቻ በግማሽ ዙር ማዛወር፣ ፲፪ን በታች ፮ን በላይ ማድረግ ነው። እንዲህ ከሆነ ቀኑ በእኩለ ሌሊት ይቀየራል፣ ንባቡም የእኛው ይሆናል። ትክክል ይመስላችኋል?


ከሾላው ሥር (ኮምቦልቻ)፦

ቃል እንደ ገባሁት ተመልሻለሁ። ወንድሜ፣ የጓደኛህ ስሌት ትክክል ነው፤ ለአያትህ ግን አይስማማቸውም እላለሁ። ዕድሜ ልኩን ሰዓት ያየ ሰው ቁጥሩን አያነብም፤ የቆጣሪዎቹን አቀማመጥ ነው የሚያየው። ሁለቱ ቆጣሪዎች ወደ ላይ ሲገጥሙ 12 መሆኑን ከሩቅ ያውቃል። ፲፪ን ወደ ታች ብታወርደው 12 ሰዓት ሲሆን ቆጣሪዎቹ ቀጥ ብለው አንዱ ወደ ላይ አንዱ ወደ ታች ይሆናሉ፣ ያም በእርሳቸው ዓይን 6 ሰዓት ነው። ቁጥሩን በጻፍክላቸው መጠን ዓይናቸው ይጣላበታል።

ከዚህ የቀለለ መንገድ አለ፤ ቆጣሪዎቹን ለመንቀል ተገደሃልና እርሱን ተጠቀምበት። ነገሩ እንዲህ ነው። ቀኑን የሚያዞረው ጥርስ በ24 ሰዓት አንድ ጊዜ ይዞራል፤ የሰዓቱ ቆጣሪ ወዴት እንደሚያመለክት ግን አያውቅም። ቆጣሪው በዘንጉ ላይ የተሰካው በመጥበቅ ብቻ ነው፤ በየትኛውም አቅጣጫ ብትሰካው ይይዛል። ፋብሪካው ቀኑ በተቀየረባት ቅጽበት በ12 ላይ ስለሚሰካው ሰዓቱን እንደ አገራችን የሚሞላ ሰው ቀኑ 12 ሰዓት ላይ ይቀየርበታል፤ የጠዋቱ ይሁን የማታው የሚወስነው ሲሞላ የትኛውን ግማሽ እንደ ያዘ ነው። የአያትህ አሮጌ ሰዓት ከቀትር በፊት የሚቀይረው አንድ ጊዜ ተፈትቶ ቆጣሪዎቹ ቀኑ ሳይታይ በመመለሳቸው ይመስለኛል። የእኔም አባት ሰዓት አንድ ሠሪ ቤት ገብቶ ከወጣ በኋላ ይህንኑ ያደርግ ነበር።

ስለዚህ ፊቱን ከገጠምክ በኋላ፣ ቆጣሪ ከመስካትህ በፊት፣ መሙያውን እስከ መጨረሻው ስበህ ወደ ፊት አዙር፤ በመስኮቷ ውስጥ ቀኑ መንቀሳቀስ ይጀምራል፣ ቀስ ብለህ ቀጥል፣ አዲሱ ቁጥር ልክ በመሃል ሲቀመጥ አቁም። ያቺ ቅጽበት የማሽኑ እኩለ ሌሊት ናት። አሁን ምርጫው የእናንተ ነው። የሰዓቱን ቆጣሪ በ፲፪ ላይ ብትሰካው ቀኑ ሲነጋ ወይም ሲመሽ 12 ሰዓት ላይ ይቀየራል። በ፮ ላይ ብትሰካው ደግሞ ከሌሊቱ 6 ሰዓት፣ ማለትም በእኩለ ሌሊት ይቀየራል፤ ፲፪ም በቦታው በላይ ይቀመጣል፣ ንባቡም የእኛው ነው። የደቂቃው ቆጣሪ በሁሉም ምርጫ ወደ ላይ ቀጥ ብሎ ይሰካል።

የትኛው ይሻላል የሚለውን አያትህን ጠይቃቸው። እኔ ለአባቴ ስሠራ ማታ 12 ሰዓት ላይ እንዲቀየር አድርጌዋለሁ፤ በእኛ ዘንድ አዲሱ ቀን የሚገባው ከመግሪብ ጀምሮ ነውና አባቴ የጨረቃውን ወር ቀን የሚቆጥሩት በዚያ ነው። ቤተ ክርስቲያንም በዓሉን ከዋዜማው ማታ ጀምራ እንደምትቆጥር ጎረቤቶቻችን ሲናገሩ ሰምቻለሁ። በተራ ንግግራችን ደግሞ ቀኑ የሚጀምረው ሲነጋ ነው። ሦስቱም አይሳሳቱም።

የወሩን ርዝመት ግን ማንም ማሽን አያውቅልህም። የቀኑ ቀለበት 31 ቁጥር አለው፤ የእኛ ወር 30 ነው። ስለዚህ በየወሩ 30 ሲያልቅ 31 ይመጣል፣ አንድ ጊዜ ገፍተህ ወደ 1 ታደርሰዋለህ። ጳጉሜን 5 ሲያልቅ ቀለበቱ 6ን ያሳያል፤ ለመስከረም 1 ለማድረስ 26 ጊዜ መግፋት አለብህ። በዘመነ ሉቃስ መጨረሻ ጳጉሜን 6 ስለምትሆን 25 ጊዜ ይሆናል። አዲስ ዓመት በገባ ቁጥር ይህን የምታደርግላቸው አንተ ብትሆን ደስ የሚላቸው ይመስለኛል።


ቀስ በቀስ (ደሴ)፦

የኮምቦልቻው ልጃችን የተናገረው በትክክል የሚሠራ ነው። አንድ ማስጠንቀቂያ ብቻ ልጨምርበት። ቀኑን በመሙያው መካከለኛ ቦታ ቶሎ ቶሎ ስትገፋው፣ ማሽኑ ራሱ ቀኑን ለመቀየር በተዘጋጀበት ሰዓት መሆን የለበትም፤ ጥርሱ ተይዞ ሳለ ቢገፋ ይሰበራል። በጥቅሉ ቀኑ ከሚቀየርበት 3 ሰዓት በፊት ጀምሮ ከተቀየረ 1 ሰዓት እስኪያልፍ አትንካው። ሲነጋ 12 ላይ የሚቀየር ካደረግከው ከሌሊቱ 9 እስከ ጠዋቱ 1 ሰዓት ማለት ነው፤ እኩለ ሌሊትን ከመረጥክ ከምሽቱ 3 እስከ ሌሊቱ 7። አያትህ ቀኑን ራሳቸው የሚያስተካክሉ ከሆነ ሁልጊዜ በቀትር እንዲያደርጉት ንገራቸው፣ ያኔ በየትኛውም ምርጫ አደጋ የለውም። ሌላው፣ ሰዓቱን ማታ አውልቀው በመስኮት ደፍ ላይ እንዳያሳድሩት። በባትሪ ሰዓት ውስጥ ያለው ኳርትዝ በሴኮንድ 32,768 ጊዜ የሚርገበገበው በ25 ዲግሪ አካባቢ ሙቀት እንዲስማማ ሆኖ ነው፤ ክንዱ ላይ ሲሆን ሰውነት ያሞቀዋል፣ በደሴ ሌሊት ወደ 10 ዲግሪ ሲወርድ ግን በቀን ከግማሽ ሴኮንድ በላይ በሚሆን ፍጥነት ወደ ኋላ ይቀራል። በወር ሲጠራቀም ይታያል።


ጦሳ ግርጌ (ደሴ)፦

ሥራው ስለ ተጠናቀቀ ውጤቱን ልንገራችሁ። ነባሩን ፊት እስከ ብረቱ ፋቅኩት፤ ወረቀቱን ሳልቀባ በሁለት በኩል በሚለጠፍ ስስ ፕላስተር አጣበቅኩት፤ የ100 ሚሊ ሜትሩ መስመር በመጀመሪያው ኅትመት 96 ሆኖ ወጣ፣ በሁለተኛው ተስተካከለ። የሴኮንዱን ቆጣሪ ለመስካት አንድ ሙሉ ምሽት ፈጀብኝ፤ ሦስት ጊዜ ከወረንጦው አምልጦ ጠረጴዛው ላይ ስለ ወደቀ ነጭ ጨርቅ ዘርግቼ ነው የጨረስኩት። ልክ ሲገባ አባታችን እንዳሉት ተሰማኝ፤ ድምፅ ነው ለማለት ይከብዳል፣ በጣት የሚታወቅ ነገር ነው።

ቆጣሪዎቹን ከመስካቴ በፊት አያቴን ጠየቅኳቸው። ሦስቱን ምርጫ በወረቀት ላይ እየሣልኩ ሳስረዳቸው ዝም ብለው ሰሙኝና «ቀን የሚለወጠው ሲነጋ ነው፤ ሌሊት ማን አይቶት» አሉ። ስለዚህ በ፲፪ ላይ ሰካሁት። በማግሥቱ ማለዳ ከመነሣታቸው በፊት ሄጄ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ከ11 ሰዓት ጀምሮ በመስኮቷ ውስጥ የነበረው ቁጥር ቀስ እያለ ወደ ላይ ሲንሸራተት፣ ሁለት ቁጥሮች በግማሽ በግማሽ ሲታዩ አየሁ፤ 12 ሲሞላ አዲሱ ቁጥር ቦታውን ያዘ። አያቴ መነጽራቸውን ሳያደርጉ ሰዓቱን ወደ ብርሃን ዘንበል አድርገው «፲፪» ብለው አነበቡ፤ ቀጥለውም የቀኗን ቁጥር በጣታቸው እያመለከቱ «ይህቺ ለምን በፈረንጅ ሆነች?» ሲሉ ጠየቁኝ።

እውነታቸውን ነው። የቀኑ ቀለበት ላይ ያሉት 31 ቁጥሮች የተለመዱት አኃዞች ናቸው። ቀለበቱን አውጥቶ በግዕዝ ቁጥር ያተመበት ሰው ካለ፣ ወረቀት መለጠፍ ውፍረቱን ጨምሮ ጥርሱን እንደሚይዘው እፈራለሁና በምን ዘዴ እንደ ሠራው ቢጽፍልኝ እጠብቃለሁ።